መርዶ ላልመጣለት ቤት

በዚህ ዓምድ የምንጨዋወተው ብዙውን ጊዜ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ልጆች ክትባት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ጋዜጠኛና ደራሲ ላወጋችሁ ፈልጌአለሁ። ሰውየው በዓሉ ግርማ ነው። ከጤናችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው በዓሉን ባያነብ እንኳ ስሙን ያውቃል። የልጅ ልጆቻችን ግን መጽሐፎቹን በመንገድ ዳር ሻጮች ዘንድ ያዩአቸው ይሆናል እንጂ የሰውየውን ታሪክ ብዙም አልሰሙም። ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ እናንተም ለእነሱ ትነግሩልኛላችሁ።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ነው። አባቱ ለንግድ የመጡ ህንዳዊ፣ እናቱ የአገራችን ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲም ገባ። ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። በየጊዜው መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል። በሁለት ቋንቋ የአገሪቱን ፖለቲካ ሲዘግብና ሲያርም የኖረ ሰው ነበር ማለት ነው።

ከጋዜጣው ጎን ለጎን ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያው «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። «የህሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው» እና «ሐዲስ» ተከተሉ። አብዮቱ ሲመጣም ከሥራው አልወጣም፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ በደንብ እንዲገባን ነው። በዓሉ ከውጭ ሆኖ መንግሥትን የሚቃወም ሰው አልነበረም። የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ የሚያደርሰው መሥሪያ ቤት ትልቅ ባለሥልጣን ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በኤርትራ ጀመረ። በዓሉም ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ተላከ። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀረ፤ ስንት ልጅ እንደወጣ አልተመለሰም። በሬዲዮ የሚነገረው ግን ድል ብቻ ነበር። እናት ልጇ ይሙት ይኑር ሳታውቅ የዜና ሰዓት እየጠበቀች ጆሮዋን ራዲዮኑ ላይ ትጥል ነበር።

በዓሉ ያየውን ይዞ ተመለሰና በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። ታሪኩ ለዘመቻው ቅስቀሳ አስመራ ስለተላከ ጸጋዬ ኃይለማርያም ስለሚባል ጋዜጠኛ፣ እዚያ ስላፈቀራት ፊያሜታና ስለ ጦርነቱ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ ተወስዶ አስመራ የሚነገር ሲሆን «አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን ባለሥልጣኖች ለመለየት አልተቸገረም።

እኔ ያኔ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ያመለጠው ቅጂ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የሌሊት ተረኛ የሆነች ጓደኛዬ ሌሊቱን አንብባ ጠዋት ልታስረክብ ቃል ገብታ እንደተዋሰችው አስታውሳለሁ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ፣ አጥንቱ የት እንዳረፈ አልታወቀም።

እዚህ ላይ ነው እኔ ነርሷ የምገባው። የበዓሉን መጽሐፎች የሚተነትኑ ሊቃውንት ሞልተዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን የዚያ ማታ ራት ነው። ሚስት ናት፤ ልጆች አሉ። ሰዓቱ አለፈ፣ ሌሊቱ ነጋ፣ ሳምንት ሆነ። ለቅሶ አይቀመጡ ነገር መርዶ አልመጣ። እንዳይጠይቁ ጊዜው አስፈሪ ነው። ጎረቤትም መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ሊል አይችልም።

እኛ ሐዘን እናውቅበታለን። መርዶ በማለዳ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሦስት ቀን ሰው ከቤት አይጠፋም፣ ተዝካሩም ይከተላል። ሙስሊም ወገኖቻችንም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ይህ ሁሉ መድኃኒት ነው። ሰው እያለቀሰ፣ እየተጽናና፣ ቀን እየቆጠረ ወደ ሕይወቱ እንዲመለስ መንገድ ያበጅለታል። የጠፋ ሰው ያለበት ቤት ግን ይህን ሁሉ ተከልክሏል።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያሉ ብዙ እናቶች አግኝቻለሁ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ይዘው ይመጣሉ። ካርድ ስሞላ «ባለቤትዎ አሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዝም ይላሉ። አንዲት እናት «አሉም የሉምም፤ የፈለግሽውን ጻፊው ልጄ» አሉኝ። ባለቤታቸው ከተወሰዱ ያኔ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ካርዱ ላይ ያገባች፣ የፈታች፣ የሞተባት የሚል ነበር እንጂ ለእሳቸው የሚሆን ሳጥን አልነበረውም።

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት አውሮፕላናቸው ጠፍቶ የቀሩ አብራሪዎችን ቤተሰቦች አጥንተው ይህን ሐዘን «ያልለየለት ማጣት» በሚል ዓይነት ስም ጠርተውታል። ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ሐዘን እንዲዘጋ መገፋት የለበትም። «ቁርጡን እወቂ፣ እርሺው» ማለት አይረዳም። ሰው «ምናልባት ይኖራል፣ ምናልባትም የለም» የሚሉትን ሁለቱንም ሐሳብ ይዞ መኖር ይችላል። ችግሩ ከሰውየው ድክመት ሳይሆን ከሁኔታው የመጣ መሆኑን ማወቁ ብቻውን ዕረፍት ይሰጣል።

በደርግ ዘመን ወጥቶ የቀረ ሰው የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ንጉሡ እንኳ በ1967 ዓ.ም. ሞተው በወጉ የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣውን አጽም ተመልክቷል፤ አጽማቸው ያልተገኘ ደግሞ ስንት አለ። በቅርቡ ጦርነትም ልጃቸው የት እንደደረሰ ያላወቁ ወላጆች ዛሬም በር በሩን ያያሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የአያቶች ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ቤታችን ይህ ካለብን ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ለልጆች እውነቱን በዕድሜያቸው ልክ እንንገር። «አባባ ውጭ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ደብዳቤ ይጠብቃል፤ ደብዳቤው ሲቀር «ያልወደደኝ ይሆን?» ይላል። «ወጥቶ ቀረ፤ ፈልገነዋል፤ የት እንዳለ አናውቅም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ይከብዳል፣ ግን ልጁን አያታልለውም።

ሁለተኛ፣ ቀን እንቁረጥ። የወጣበትን ቀን ወይም የልደቱን ዕለት ቤተሰቡ በየዓመቱ ያስበው። ሻማ ይሁን፣ ጸሎት ይሁን፣ ዱዓ ይሁን፣ ቡና አፍልቶ ስሙን እያነሱ መጫወት ይሁን፣ የሃይማኖት አባቶቻችሁን አማክሩ። ተስፋ ቆረጡ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ «ምን አለ ብሞት» ማለቱ ሳምንታት ከቆየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመጣችሁበትን ሕመም ብቻ ሳይሆን የጠፋባችሁን ሰው ጭምር ለባለሙያው ንገሩት። ካልነገራችሁት ግፊታችሁን ለክቶ ብቻ ይሸኛችኋል።

የበዓሉን ቤተሰብ ሐዘን ያቀለለው ነገር ምን እንደሆነ እኔ ልናገር አልችልም። ነገር ግን እሱን ያጠፉት ስሙን ማጥፋት አልቻሉም። «ኦሮማይ» ደርግ ከወደቀ በኋላ ዳግም እየታተመ ተነበበ፤ እንዳለጌታ ከበደ ሕይወቱንና ሥራውን በትልቅ መጽሐፍ ጻፈለት፤ በቅርቡም ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። የሚጽፍለት ስላገኘ ታሪኩ አልጠፋም።

የእናንተ ወንድም፣ የእናንተ ባል፣ የእናንተ አጎት ደራሲ አልነበረ ይሆናል። የሚጽፍለት ከእናንተ በቀር ማንም የለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አልበሙን አውጡና ፎቶውን ፈልጉ። ጽሑፉ ፎቶውን እንዳይጎዳው በተለየ ወረቀት ላይ ሙሉ ስሙን፣ የትና መቼ እንደተወለደ፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንደወጣና ምን ለብሶ እንደነበር ጻፉ፤ የሚወደውን ምግብና የሚስቅበትን ቀልድም አትርሱ። ዓይናችሁ ካልቻለ እናንተ ተናገሩ፤ የልጅ ልጃችሁ ትጻፈው። ስትጨርስ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ፤ የጎደለውን ትጨምራላችሁ።

ሳምንት በጤና ያገናኘን።