ቤትን በሕይወት ለልጅ መስጠት ለምን ያስከፍላል?

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት መሬት ቢሮ
ግልባጭ፦ ለክልሉ ገቢዎች ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ወላጅ ለልጁ በስጦታ ስለሚያስተላልፈው የከተማ ቤት

ይህን የምጽፍላችሁ ከሐብሩ ወረዳ፣ ከውርጌሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ብዙው ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ ነው። ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ሆኖ ሳለ ካርታው ግን በአባት ስም ነው።

ልጁ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ ካርታ ይላል። አባት ቤቱን መያዣ ቢያደርግለት ገንዘቡ ለልጁ፣ ሥጋቱ ለአባት ይሆናል። ክፍያ ከተጓደለ ባንኩ በአዋጅ 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በስተርጅና ጎጆን ለሐራጅ ከማጋለጥ፣ ቤቱን በሕይወት ለልጁ ሰጥቶ ልጁ በራሱ ንብረት እንዲበደር ማድረግ ይሻል ነበር።

ይህን ያከበደው የሊዝ አዋጅ 721/2004 ነው። በአንቀጽ 6 መሠረት ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ (ነባር) ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይዞራል። አባት ሞቶ ልጅ ቢወርስ ይዞታው ነባር እንደሆነ ይቀጥላል፤ አባት በሕይወት ሳለ ቢሰጠው ግን ልጁ የሊዝ ባለዕዳ ይሆናል። ስም ለማዞርም በአዋጅ 110/1990 የንብረቱን ዋጋ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፍላል። ይህን ሁሉ ከፍሎም ብድሩ አይሰፋለትም፤ አንቀጽ 24 የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው እስከተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ድረስ ነው ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ ሞትን ይጠብቃል። አባት ቢኖር በአንድ ቃል የሚፈታው የወንድማማች ክርክር ከሞቱ በኋላ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ከከተማው ወጣ ሲባል ሕጉ ሌላ ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ባለይዞታ መሬቱን ለልጁ በስጦታ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል፤ ሊዝ የሚባል ነገር አይነሳም። የማሽላ ማሳውን ሲሰጥ የማይጠየቀውን ያ አባት ሱቁን ሲሰጥ ለምን ይጠየቃል?

ሽያጭን ስጦታ አስመስለው የሚመጡ እንዳሉ አይጠፋኝም። ለዚያ መፍትሔው እውነተኛውን ልጅ መቅጣት አይደለም። ልጁ ቤቱን ለሌላ ሰው የሸጠ ቀን ሊዙ ይጠየቅ፤ መንግሥትም ድርሻውን ያኔ ያገኛል።

ስለሆነም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦

1. አዋጁ የፌዴራል ስለሆነ፣ ከወላጅ ለልጅ የሚደረግ ስጦታ እንደ ውርስ እንዲታይ ቢሮው የማሻሻያ ሐሳብ ያቅርብ።

2. የወረዳችንን ከተማ መርሳን ጨምሮ በየከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ስጦታ ምን ያህል ሊዝና ቀረጥ እንደሚያስከፍል በግልጽ ይለጠፍ፤ ሰው ውል ከመፈራረሙ በፊት ይወቀው።

3. ለስጦታ ውል በሚዘጋጁ ቅጾች ላይ፣ ወላጅ በሕይወት እስካለ በቤቱ የመኖርና የመጠቀም መብቱን የሚያስቀርበት አንቀጽ ይግባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አላባ ብሎ የሚያውቀው መብት ነው። ልጅ በቤቱ ሲበደር አባት ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የአዋጅ ለውጥ አይጠብቁም፤ በቢሮው ደብዳቤ ነገ ሊጀመሩ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውርጌሳ ነዋሪ