ሾፌሩን ከመውቀስ በፊት ጎማውን መለካት



የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር የሆነ ጎረቤቴ፣ የመኪናው ጎማ በትልቅ ከተለወጠ ወዲህ «ነዳጅ ታባክናለህ» ተብሎ ተወቀሰ። ሰውየው ግን በደል አልነበረበትም።

የመኪና ኪሎ ሜትር መቍጠሪያና የፍጥነት መለኪያ መንገዱን አያዩም፤ የሚቈጥሩት የመንኰራኵሩን ዙር ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ፋብሪካው የወሰነላቸውን የዙር ርዝመት ይዘው ይኖራሉ። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ የነበረው 185/65 ጎማ በ205/70 ቢተካ፣ የጎማው ቁመት ከ62 ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። እንግዲህ አስቀድሞ ትክክል የነበረው መቍጠሪያ 100 ኪሎ ሜትር ሲመዘግብ፣ መኪናው የሄደው 107 ተኩል ያህል ነው። የትርፉ መንገድ ነዳጅ በሾፌሩ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው 60 ሲያሳይ እውነቱ 64 ተኩል ይሆናል። ይህም መንገድ ለሚያቋርጡ ልጆቻችን ያሠጋል። ጎማው ቢያንስ ደግሞ ስሕተቱ በተገላቢጦሽ ነው።

ስለዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ጎማ ሲገዙ ቍጥሩን ከቀድሞው ጋራ እንዲያመሳክሩ፣ ከተለወጠም መለኪያውን እንዲያሳርሙ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ