ለዲላና ለጌዴኦ ወገኖች፦ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮድ፣ ስለ ላይሰንስና ስለ ኤክስፖርት ሕግ

የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሶርስ ኮድ ፕሮግራመሮች የጻፉት፣ ሰው አንብቦ ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር የያዘው ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠውን ቅጂ ብቻ ነው። ኮዱን ከፈላጊው የሚያርቁት የባለቤቱ ላይሰንስና የመንግሥታት የኤክስፖርት ሕግ ናቸው።

ላይሰንስ ማስተማርን እንኳ ከልክሎ ያውቃል። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለዩኒቨርሲቲዎች ከነኮዱ በአነስተኛ ክፍያ ይሰጥ ነበር። አውስትራሊያ ያስተምር የነበረው ጆን ላየንስም እ.ኤ.አ. በ1977 ኮዱን ለተማሪዎቹ የሚያብራራ መጽሐፍ አዘጋጀ። የ1979ኙ የዩኒክስ ሰባተኛ እትም ላይሰንስ ግን ኮዱን በክፍል ማስተማርን ከለከለ። መጽሐፉ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። ዕውቀትን ከተማሪ መሸሸግ በደል ነበር። በዚሁ ክልከላ ምክንያት አንድሩ ታነንባም አምስተርዳም ላይ በ1987 ሚኒክስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለማስተማሪያ ጻፈ። ሚኒክስን ይጠቀም የነበረው የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ1991 ሊኑክስን ጀምሮ በዓመቱ ጂፒኤል በተባለው ላይሰንስ ሥር አዋለው። ጂፒኤል ማንበብን፣ ማሻሻልን፣ መሸጥንም ይፈቅዳል። ያሻሻለውን ለሌላ የሚያከፋፍል ኮዱንም አብሮ መስጠት አለበት፤ በራሱ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚጠቀምበት ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

ክፍያ የሌለው፣ ግዴታ ግን ያለበት ላይሰንስ ለጌዴኦ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን ጨምሮ የቡና ስሞቿን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትነሣ ለገዢዎች ያቀረበችው ውል እንዲህ ያለ ነበር፤ ስታርባክስም በ2007 ተስማማ።

ኤክስፖርትን በተመለከተ፣ አሜሪካ እስከ 1996 መጨረሻ የኢንክሪፕሽን (መረጃን ወደ ምስጢር የሚለውጡ) ፕሮግራሞችን ከጦር መሣሪያ ጋር መድባ ትቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ ኮድ ቅድመ ፈቃድ ከመጠየቅ ነጻ ወጣ። በ2021 በኢትዮጵያ ላይ የጣለችው የኤክስፖርት ገደብም የጦር መሣሪያን የሚመለከት እንጂ የሊኑክስን ኮድ ዲላ ላይ ከማውረድ የሚያግድ አይደለም። የሚያሰጋው ኮዱን የሚያስቀምጡት ኩባንያዎች ለአሜሪካ ሕግ ተገዢ መሆናቸው ነው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ጊትሀብ በ2019 የኢራንና የሶሪያ ተጠቃሚዎችን ገድቦ ነበር። ስለዚህ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚማሩበት ኮድ ቅጂው በግቢው ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ይበጃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይጠቅማል።

የኮዱ ክፍትነት ለቋንቋም ይጠቅማል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራው፣ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የጊኑ ሲ ላይብረሪ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሲዳምኛና የወላይትኛ የቀንና የወር ስሞችን የያዙ ፋይሎች አሉት። የጌዴኦኛ የለም። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ የሲዳምኛውን አብነት አድርጎ ለማዘጋጀት ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁ መምህራንና አንድ ፕሮግራመር ይበቃሉ። በውጭ ያሉ የሙያው ሰዎች ደግሞ ሥራውን ገምግመው ወደ ላይብረሪው እንዲገባ መከታተል ይችላሉ።