ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ዓሦቹ ስለ ምን ሞቱ?

ዛሬ የማጫውትዎ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም በሳሎን ጥግ ስለሚቀመጥ የዓሣ ማኖሪያ መስተዋት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም የስድስት ነፍስ ጉዳይ ስላለበት፣ ጥፋቱም የራሴ ስለ ሆነ፣ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

እኅቴ የምትኖረው በጀልዴሳ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ መጥቶ የድሬዳዋ ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት፣ ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፈው በጀልዴሳ ነበር። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች ቆላ መንደር ናት። ሙቀቱ የዋዛ አይደለም፤ ውሃም ቢሆን እንደ ልብ የሚደፋ ነገር አይደለም።

የእኅቴ ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው አርባ ሊትር የሚይዝ መስተዋትና ጋፒ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ዓሦች ወሰድሁለት። ከሮቶው ውሃ ቀድተን ሞላንና በዚያው ምሽት ዓሦቹን ለቀቅናቸው። ልጁ ከመስተዋቱ ፊት አልነሣም ብሎ እራቱ ቀዘቀዘ። እኔም ደስ ብሎኝ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ አንዱ ተገልብጦ ተገኝቷል። «አጎቴ፣ ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው» አለኝ ልጁ። እኔም እንደ ዐዋቂ ሰው፣ «ውሃውን በሙሉ ድፉት፤ ጠጠሩንና ስፖንጁን በሳሙና እጠቡት» ብዬ አዘዝሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስቱም አለቁ። ልጁ አንድ በአንድ በክብሪት ቀፎ እያደረገ ከፓፓያው ሥር ቀበራቸው።

መጠየቅና ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ማድረግ ይገባኝ የነበረውን ማለት ነው።

ዓሣ በመተንፈሻው በኩል አሞንያ የሚባል መርዝ ያስወጣል፤ ተርፎ የሚበሰብሰውም ምግብ ይህንኑ ያወጣል። አሞንያ በውሃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ስለዚህ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በወንዝ ቢሆን ጎርፉ ይወስደው ነበር፤ በአርባ ሊትር ውስጥ ግን ወዴት ይሂድ? የሚያድነን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ዓይነት አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ገና መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ በብዛት ካልተከማቸ ያን ያህል አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ እስኪራቡም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠበቅሁም፤ ብቅ ማለት የጀመሩትንም በሳሙና አስጠረግኋቸው።

በጀልዴሳ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ምክንያት አለ። የድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ የኖራ ድንጋይ እየነካ የሚመጣ ስለ ሆነ ጠንካራ ውሃ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀትና በፒኤች 7፣ ከጠቅላላው አሞንያ መርዘኛው ክፍል ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም፤ በ30 ዲግሪና በፒኤች 8 ግን ከመቶ ሰባት እጅ ያልፋል። አሞንያው ያው ሆኖ ሳለ መርዝነቱ ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው! በዚያ ላይ ሙቅ ውሃ ኦክሲጅን የመያዝ ዐቅሙ ያንሳል። ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ ካዩ፣ ተራቡ ብለው ምግብ አይጨምሩ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

ውሃው በሙቀት ሲጎድል እላዩ ላይ ብቻ መጨመርም ውሃ መለወጥ አይደለም። ፀሐይ የምትወስደው ንጹሑን ውሃ ነው፤ ኖራውና ጨዉ እዚያው ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ያለውን የአብጃታ ሐይቅ ያስታውሷል። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ ፋብሪካ እየተወሰደ፣ የቀረውም እየተነነ ሲሄድ፣ ጨውነቱ በረታና ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚፈለፍለው ፔሊካን የተባለው ወፍም ከአብጃታ ያገኘው የነበረውን ምግብ ሌላ ሐይቅ ሄዶ መፈለግ ግድ ሆነበት። በሳሎንዎም ጥግ በትንሹ የሚሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ከገንዳው አራተኛውን እጅ በላስቲክ ቱቦ ከሥሩ እየሳቡ ያውጡና በአዲስ ውሃ ይተኩት። እኅቴ በመጀመሪያ «ውሃ በጀሪካን እየተቀዳ ለዓሣ?» ብላ ተቈጥታ ነበር፤ ትክክልም ናት። የወጣው ውሃ ግን አይባክንም፤ ናይትሬት ለተክል ምግብ ነውና ፓፓያው ይጠጣዋል። ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ጭምቅ ጭምቅ አድርገው ያጥቡት፤ ሳሙና ከቶ አይንካው። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ያለበት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ መድኃኒት የተጨመረበት እንደ ሆነ፣ አፉ በሰፋ ባልዲ አንድ ቀንና ሌሊት ይደር። ባልዲውን ግን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ረስተውም ሳምንት አያቈዩት። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ፣ የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው። ለዓሣ ብሎ ልጅን ማሳመም አይገባም።

ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሁን። ገንዳው ከቆርቆሮ ግድግዳና ከመስኮት ይራቅ። የውሃውን ጠንካራነት ለማለዘብም አይድከሙ፤ ጋፒና ሞሊ የተባሉት ዓሦች ጠንካራ ውሃ ይስማማቸዋል።

በሁለተኛው ሙከራ ድሬዳዋ ካለ ወዳጄ ያገለገለ ገንዳ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኜ፣ እርጥብ እንደ ሆነ ጀልዴሳ አደረስሁት። ዓሣ በሌለበት ገንዳ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየጣልን አንድ ወር ቈየን። ልጁ መታገሥ አቅቶት በየማታው ይደውል ነበር። የመመርመሪያው ወረቀት አሞንያም ናይትራይትም እንደሌለ ሲያሳይ ሦስት ዓሦች ብቻ አስገባን፤ ሦስቱም አሉ።

አሉ ብቻም አይደለም፤ ጋፒ እንቁላል የማይጥል፣ ልጆቹን በሕይወት የሚወልድ ዓሣ ስለ ሆነ አሁን ሃያ ሦስት ደርሰዋል፤ ለአርባ ሊትር ይህ በዛ። ባለፈው እሑድ ልጁ ዐሥሩን በጆግ ይዞ ወደ ወንዝ ሊለቃቸው ሲሄድ እናቱ ከደጅ መለሰችው። ጋፒ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ዓሣ ነው፤ በሰው አገር ወንዝ ገብቶ የባለ አገሩን ዓሣ ምግብና ስፍራ ሊሻማ ይችላል። አሁን ልጁ ከጎረቤት ማን መስተዋት እንዳለው እየጠየቀ ነው። ለሚወስደውም አስቀድሞ አንድ ወር እንዲጠብቅ ይነግረዋል፤ ስፖንጁን ግን እሱ ራሱ ቆርጦ ይሰጣል።