ድምፅ በጊዜው

በከተማችን በአዲስ አበባ፤ በአራዳ አጠገብ፤ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ስም የወጣለት፤ በቀድሞ ዘመን መንገደኛውን ወንበዴ ሲቀማው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል።

በዚሁ ሰፈር ሰሞኑን ሦስት የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ምርጫ ሲነጋገሩ ሰማን። አንደኛው «ከብዙ ሺህ ድምፅ መካከል የእኔ አንድ ካርድ ምን ይጠቅማል?» አለ። ጓደኛው የሆነችው ልጅ «አንተ ብትቀር ወንበሩ ባዶውን አያድርም፤ ጎረቤትህ ይመርጥልሃል» ስትል መለሰችለት። ሦስተኛው ግን «እኔን የሚያሳስበኝ መስጠቱ ሳይሆን መቆጠሩ ነው» አለ።

የሦስቱም ቃል ሊመረመር ይገባዋል። ይህ መብት ዛሬ በእጃችን ስላለ ቀላል ይመስላል እንጂ አያቶቻችን ያላገኙት ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡለት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያይቱ ሴት እንደራሴ ለመሆን የበቁት በዚህ መንገድ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ መብቱን 18 ዓመት ለሞላው ዜጋ ሁሉ ሰጥቷል። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ስለሆነ፤ የአንድ ድምፅ ብልጫ እንኳ ይበቃል። በምርጫው ቀን ከቤቱ ውሎ በማግስቱ የሚያማርር ሰው ነገሩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ነገር ግን የሦስተኛው ተማሪ ሥጋት በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ማልዶ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ በውጤቱ ላይ በተነሣው ክርክር ግን የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን «ሂድና ምረጥ» ለማለት ቢያመነታ አይፈረድበትም። ስለዚህ ወጣቱን ምረጥ ብሎ መምከር ብቻ ለሹም አይበቃውም፤ የተሰጠው ድምፅ በእውነት እንዲቆጠር፤ አቤት ያለውም እንዲሰማ ማድረግ የእርሱ ዕዳ ነው። ካህናትም እገሌን ምረጡ ሳይሉ፤ ሐሰተኛ ቆጠራ እንደ ሐሰተኛ ሚዛን ኃጢአት መሆኑን ቢያስተምሩ ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው።

ድምፅ ሰጪው የተጋ፤ ድምፅ ቆጣሪውም የታመነ እንደ ሆነ፤ እሪ በከንቱ የአንድ ሰፈር ስም ሆኖ ይቀራል። ያለዚያ ግን የአገር ስም እንዳይሆን እንፈራለን።