የፎቶግራፍ ጥሬ ፋይልና የቁልፉ ባለቤትነት

በፊልም ዘመን የነበረ ፎቶ አንሺ ስለ ነጌቲቩ የሚጨነቀው እንዳይጫር፣ እንዳይሻግትና እንዳይቃጠል ነበር። ነጌቲቩን ለማንበብ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ፊልሙን የሠራው ፋብሪካ ቢከስር፣ ያጠበው ቤት ቢዘጋ፣ ካሜራው ተሰባብሮ ቢጣል፣ ምስሉ ወደ ብርሃን አንሥቶ ለሚያየው ዐይን ሁሉ ግልጽ ነበር። በዲጂታል ዘመን ይህ የባለሙያው ነፃነት አዋጅ ሳይታወጅበት ተሸርሽሯል። ባለሙያው በአዲስ ካሜራ ያነሣውን ሥራ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብቶ ማረሚያ ፕሮግራሙን ሲከፍት፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን አላውቀውም ብሎ የሚመልስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ባለሙያውም አልተሳሳተም፤ ሥራው ግን ተቈልፎበታል። ቁልፉ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ከቴክኒክ ጥያቄነት አልፎ የኪነ ጥበብና የታሪክ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ጥሬ ፋይል፣ ባለሙያዎች በተለምዶ «ሮው» የሚሉት፣ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የካሜራው ሴንሰር የብርሃንን መጠን ይለካል እንጂ ቀለምን በራሱ አይለይም። ስለዚህም በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ መሠረት፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ የቀለም ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሆናሉ። ጥሬ ፋይል ማለት እንግዲህ ከእነዚህ ነጥቦች የተሰበሰበው ልክ፣ ገና ወደ ሙሉ ቀለም ሳይለወጥ የተመዘገበበት ሰነድ ነው። በአንፃሩ ጄፔግ የሚባለው ፋይል በካሜራው ውስጥ ታጥቦ፣ ታርሞና ተጨምቆ የወጣ የተጠናቀቀ ሥዕል ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ደረጃዎችን ሊይዝ ይችላል። በጥላ ውስጥ የቀረን ፊት ማውጣት፣ በፀሐይ የነጣን የነጠላ ጥለት መመለስ የሚቻለው በዚህ ልዩነት ነው።

ይህ ሰነድ ለሁሉም በሚገባ አንድ ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ ክርክር ባልተነሣ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። ኒኮን ኤን ኢ ኤፍ፣ ሶኒ ኤ አር ደብልዩ፣ ፉጂፊልም አር ኤ ኤፍ፣ ኦሊምፐስ ኦ አር ኤፍ በሚባሉ የየራሳቸው ቅርጾች ይጽፋሉ። ካኖን ደግሞ ቀድሞ ሲ አር ደብልዩ፣ ቀጥሎ ሲ አር ቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ሲ አር ስሪ እያለ ቅርጹን ሁለት ጊዜ ለውጧል። ከዚህም በላይ የፋይሉ ስም መጨረሻ አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የወጣ የኒኮን ካሜራ የጻፈውን የሚያነብ ፕሮግራም፣ ዘንድሮ የወጣው የጻፈውን ላያነብ ይችላል። አዲስ ካሜራ በወጣ ቍጥር የፕሮግራም ሠሪዎች አዲሱን አጻጻፍ መማር፣ ባለሙያውም እነርሱ ተምረው እስኪጨርሱ መጠበቅ ግዴታው ሆኗል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ከሚሰሙት አስተያየቶች የመጀመሪያው ጥፋቱን በባለሙያው ላይ የሚጥለው ነው። «ፕሮግራሙን ቢያሳድስ፣ ኮምፒዩተሩን ቢለውጥ ችግሩ ይወገዳል» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ቅንጣት እውነት አለ። ፋይል አልከፈት ሲል መጀመሪያ መመርመር ያለበት የፕሮግራሙ እትም ያንን ካሜራ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነው። ቀጥሎ ፋይሉ ከካርዱ ሲገለበጥ ተቈርጦ እንደ ሆነ፣ መጠኑን ከጓደኞቹ ጋር በማስተያየትና ከካርዱ እንደ ገና በመገልበጥ ማረጋገጥ ይገባል። በዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የፋይሉን ትንሽ ምስል አሳይቶ ማረሚያው ሳይከፍተው ይቀራል። የሚታየው በጥሬው ፋይል ሆድ ውስጥ ካሜራው የሸጎጠው ትንሽ ጄፔግ እንጂ ጥሬው ልክ ስላልሆነ፣ የእርሱ መታየት ፋይሉ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የፋይሉን ስም መጨረሻ በእጅ መለወጥም ከቶ አይረዳም፤ የመጽሐፍን ሽፋን በመቀየር ውስጡን መተርጎም አይቻልምና።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ምርመራ ተደርጎ መልሱ «አዲሱን እትም ግዛ» የሚል በሚሆንበት ጊዜ አስተያየቱ መሠረቱን ያጣል። አዶቤ የተባለው ኩባንያ ላይትሩም የሚባለውን ማረሚያ ባለሙያው አንድ ጊዜ ከፍሎ የራሱ የሚያደርግበትን አሠራር አስቀርቶ ወደ ተከታታይ ኪራይ ሲዛወር፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠው የመጨረሻው እትም ላይትሩም 6 ነበር። ለእርሱ የመጨረሻው ማሻሻያ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የካኖን ሲ አር ስሪ ቅርጽ ገበያ ላይ ሲውል፣ ገንዘቡን ከፍሎ ፕሮግራሙን የገዛው ሰው ደጅ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ኮምፒዩተሩም አልደከመም፤ የተለወጠው በሩ ነው። ገቢው በውጭ ምንዛሪ ላልሆነ ባለሙያ ወርኀዊ ኪራይ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ይባስ ብሎም ዕንቅፋቱ አንዳንድ ጊዜ የቅርጹ መለወጥ እንኳ አይደለም። ቅርጹ ከቀድሞው ካሜራ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ የካሜራውን ስም በመዝገቡ ስላላገኘው ብቻ የሚመልስበት ጊዜ አለ። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የካሜራ ስም በቀድሞው ስም ተክተው የከፈቱ ባለሙያዎች ይህን በተግባር አሳይተዋል። ቀለሙ በትክክል ላይመጣ ስለሚችልና ዋናውን ፋይል ስለሚነካ ዘዴው በቅጂ ላይ ካልሆነ የሚመከር አይደለም፤ የግድግዳውን ቅጥነት ለማሳየት ግን ይበቃል።

ሁለተኛው አስተያየት ከአምራቾች ወገን የሚመጣ ነው። የፋይሉ አጻጻፍ ምስጢር መሆኑ የምስሉን ጥራት ይጠብቃል ይላል። ይህ ክርክር በገሃድ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ኒኮን ዲ ቱ ኤክስ በተባለው ካሜራው ፋይል ውስጥ የነጭ ሚዛን ልክ የሚመዘገብበትን ክፍል በምስጢር ቍልፍ እንደ ዘጋው ታወቀ። የነጭ ሚዛን ማለት በአምፖል ብርሃን የተነሣ ነጭ ልብስ ቢጫ ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገው ልክ ነው። ይህን ልክ ፎቶ አንሺው በገዛ ካሜራው፣ በገዛ ውሳኔው የመረጠው ወይም ያጸደቀው ነው። የገዛ ውሳኔው ታሽጎ ለሌላ ፕሮግራም እንዳይገለጥ ሲደረግ የተጠበቀው ጥራት የቱ ነው? አዶቤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ያስከስሰኛል በሚል ስጋት ቍልፉን ከመስበር ሲታቀብ፣ ዴቭ ኮፊን የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን ፈታው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ዲሲሮው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እየጻፈ የብዙ አምራቾችን ፋይል ያለ እነርሱ ርዳታ ያነበበ ነው። በዚያው ዓመት ኦፕን ሮው የተባለ እንቅስቃሴ ተቋቁሞ አምራቾች የፋይላቸውን አጻጻፍ ለሕዝብ እንዲገልጹ መጠየቅ ጀመረ።

ምስጢሩን ለአምራቹ አደራ መስጠት የሚያስከትለውን አደጋ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ኮኒካ ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ2006 ከካሜራ ሥራ ወጣ። የፎቶግራፍን ስም ከስሙ ጋር አዛምዶ የኖረው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ዲጂታል ካሜራ መሥራቱን አቆመ። የኦሊምፐስ የካሜራ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 መባቻ ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። የኮኒካ ሚኖልታ ጥሬ ፋይሎች ዛሬም በነፃ ፕሮግራሞች የሚከፈቱ ከሆነ፣ ምስጋናው ከውጭ ሆነው አጻጻፉን ፈትተው ላስቀመጡ ሰዎች ነው። የዲሲሮው የመጨረሻ እትም እ.ኤ.አ. በ2018 ቢወጣም፣ ከእርሱ የተወለደው ሊብሮው ሥራውን ቀጥሏል። የምስጢር ጠባቂው ሄደ፤ የምስጢሩ ፈቺ ግን ቅርሱን አተረፈ።

ሦስተኛው አስተያየት «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ በጄፔግ ማንሣት ይበቃል» የሚል ነው። ለዕለት ዜና፣ ለመታወቂያ ፎቶግራፍ፣ ለሰርግ ትዝታ ጄፔግ ሊበቃ ይችላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ለቅርስ ምዝገባ፣ ለብራና ቅጂ፣ ለኪነ ጥበብ ሥራ ጄፔግ ብቻ ይበቃል ማለት፣ ቤቱ ቍልፍ ስላስቸገረ መስክ ላይ እንደር እንደ ማለት ነው። ካሜራው በሰኮንድ ሽራፊ የወሰነውን ውሳኔ ባለሙያው ለዘለዓለም ተቀበል መባሉ የሙያውን ግማሽ መንጠቅ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረው ጥበብ ዛሬ በጥሬው ፋይል ላይ የሚሠራ ነውና።

በመካከል የቀረበ አንድ መፍትሔ አለ። አዶቤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ዲ ኤን ጂ የተባለ የጥሬ ፋይል ቅርጽ አወጣ፤ አጻጻፉን በይፋ አሳተመ፤ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበትም ፈቀደ። ላይካና ፔንታክስ በካሜራዎቻቸው ተቀብለውታል፤ የዘመናችን ስልኮችም ጥሬ ፋይል ሲጽፉ በእርሱ ይጽፋሉ። ማረሚያው አዲሱን ካሜራ ባያውቅ፣ በነፃ የሚታደለው የዲ ኤን ጂ መለወጫ ካወቀው፣ ፋይሉን ለውጦ በአሮጌው ማረሚያ መክፈት በአብዛኛው ይቻላል። ይሁን እንጂ ዲ ኤን ጂን እንደ ፍጹም መድኃኒት ማወደስም ስሕተት ነው። የቅርጹ አባት አንድ ኩባንያ ነው፤ ሲለወጥም አምራቹ ለራሱ ፕሮግራም ብቻ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ትርጉማቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ፋይል እንዳለ ተቀምጦ ዲ ኤን ጂው ከጎኑ ቢቀመጥ ይሻላል። ፋይል መከፈቱም ብቻውን ድል አይደለም። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክስ ፕሮ ዋን ካሜራውን ሲያወጣ የቀለም ማጣሪያውን ከተለመደው የአራት ነጥብ ድርድር ወደ ስድስት በስድስት ስለ ለወጠው፣ ፋይሉን የሚከፍቱ ፕሮግራሞች እንኳ መጀመሪያ ላይ ጥቃቅን ዝርዝሮችን በሚገባ ማውጣት ተስኗቸው ነበር። ቋንቋን ማንበብና ቋንቋን መረዳት ይለያያሉ።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው የቤድሮስ ቦያጅያንና የልጆቹ ሥራ ዛሬ ሊታይ የቻለው ነጌቲቩና ህትመቱ ማንንም ሳያስፈቅዱ ስለሚነበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አስቀርቷል፤ ያንን ፊልም ለማንበብ ዛሬም ሌንስና መብራት ይበቃሉ። አሁን ብራናም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም፣ የአዛውንት ፊትም የሚቀዳው በዲጂታል ካሜራ ነው። ከኀምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚያገኘው ሊነበብ የሚችል ምስል ነው ወይስ የጠፋ ኩባንያ የዘጋው ሣጥን? መልሱ የሚወሰነው ዛሬ በሚደረገው ነው። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ፋይል የሚለወጠው የሚያነበው ፕሮግራም በእጅ እያለ እንጂ ከጠፋ በኋላ አይደለም።

ስለሆነም ከየወገኑ የሚጠበቅ ተግባር አለ። ካሜራ የሚገዛ የባህል ተቋም የሌንሱን ጥራትና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ የሚጽፈው ፋይል በይፋ በታወቀ ቅርጽ መሆኑን፣ ቢያንስ በነፃ ፕሮግራሞች መነበቡን ከግዢው በፊት ይጠይቅ። መዛግብት የሚያስቀምጥ ክፍል ዋናውን ጥሬ ፋይል፣ የዲ ኤን ጂ ቅጂውንና ታርሞ የተጠናቀቀውን ባለ 16 ቢት ቲፍ ሦስቱንም አብሮ ያስቀምጥ። በአንድ ማረሚያ የተደረገ እርማት በሌላው ስለማይተረጎም፣ የባለሙያው የመጨረሻ ውሳኔ የሚታወቀው በተጠናቀቀው ምስል ነውና። የፎቶግራፍ መምህር ተማሪዎቹን የአንድን ኩባንያ ፕሮግራም ቁልፎች ከማስጠናት ይልቅ ጥሬ ፋይል ምን እንደ ሆነ ያስተምር፤ ዳርክቴብልንና ሮው ቴራፒን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ማረሚያዎችንም ያለማምድ። ፎቶ አንሺውም አዲስ ካሜራ ይዞ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ፎቶ አንሥቶ በማረሚያው ይክፈት፤ ካልተከፈተም እስኪስተካከል ድረስ ጥሬውንና ጄፔጉን አጣምሮ ያንሣ።

ከአምራቾች የሚጠየቀው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሴንሰራቸውን እንዴት እንደ ሠሩት፣ ጥሬውን ልክ በምን ዘዴ ወደ ቀለም እንደሚለውጡት ምስጢራቸው ሆኖ ይቅር፤ ማንም አይቀማቸውም። ነገር ግን ካሜራው በሌላ ሰው ብርሃን፣ በሌላ ሰው ዐይንና ድካም የጻፈው ሰነድ በምን ፊደል እንደ ተጻፈ መናገር የሚሰጡት ችሮታ ሳይሆን ያለባቸው ዕዳ ነው። ብዕር የሸጠ ነጋዴ በብዕሩ የተጻፈውን መጽሐፍ የመቈለፍ መብት ኖሮት አያውቅም፤ ካሜራ የሸጠም ከዚህ የተለየ መብት የለውም።