ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ደሀ ያደረጋት ግን ማን ነው?

በቅርቡ በተማሪዎች ክርክር ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ርዕደ መሬት የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ኤኮኖሚውም እርዳታ ሲመጣና ግንባታ ሲጀመር ራሱ ያገግማል» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እኛ አላጨበጨብንም። ምክንያታችንን በሃይቲ ምሳሌ እናስረዳለን።

ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. መጠኑ 7.0 የሆነ ርዕደ መሬት ፖርት ኦ ፕሬንስን አፈረሰ። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ቤት አልባ ሆነ። ጉዳቱ በጊዜው ሲገመት ወደ 7.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ይኸውም አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 20 ቀን፣ በቺሊ መጠኑ 8.8 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። ኃይሉ የሃይቲውን 500 ጊዜ ያህል ያጥፍ ነበር፤ የሞተው ሰው ግን ስድስት መቶ አልሞላም። ቁጣው የፈጣሪ ከሆነ ለቺሊ ስለ ምን ራራላት? ቺሊ የሕንፃ ሕግ ነበራት፤ ሕጉን የሚያስፈጽም አቅምም ነበራት።

ሃይቲ ይህን አቅም ስለ ምን አጣች? በ1796 ዓ.ም. በባርነት የተያዙት ልጆቿ ጌቶቻቸውን አሸንፈው ነፃ አወጧት። በ1817 ዓ.ም. ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ፣ ነፃ የወጡትን ሰዎች ጭምር እንደ ጠፋ ንብረት ቆጥራ፣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጠየቀች። ኋላ ቢቀነስም ዕዳው ከነብድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከፈል ኖረ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በውጭ ግፊት የሩዝ ቀረጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ። በድጎማ የተመረተ የአሜሪካ ሩዝ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ገበሬው ከሰረ፤ ወደ ዋና ከተማው ተሰዶ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ቀለሰ። የተናደውም ያ ጎጆ ነው። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የቀድሞው ፕሬዚደንት ቢል ክሊንተን ራሳቸው በመጋቢት 2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ፊት የሩዙ ፖሊሲ ስሕተት እንደ ነበር አምነዋል።

እርዳታውስ? በዚያው ወር ኒው ዮርክ ላይ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተስፋ ተሰጠ። ለአስቸኳይ እርዳታ ከወጣው ገንዘብ ግን በሃይቲ መንግሥት እጅ የገባው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የካራኮል የኢንዱስትሪ መንደር ተመረቀ፤ እርሱም ርዕደ መሬቱ ባልደረሰበት በሰሜን፣ ከገበሬ በተወሰደ እርሻ ላይ። እስከ 65,000 ሥራ ይገኝበታል ተባለ፤ የተገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ግንባታ በመዝገብ ላይ «ዕድገት» ተብሎ ይጻፋል፤ ትርፉ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ግን በድንኳን ለሚያድረው ምን ይተርፈዋል?

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን፣ የሃይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ እኛ ተከራክረዋል፤ የኢትዮጵያ ዕጣ ነገ በሌላውም እንደሚደርስ አስጠንቅቀዋል። ዛሬ ተራው የእኛ ነው፤ ከሃይቲ ዕጣ እንማር። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ስለዚህ መምህሮቻችን «ከአደጋው በኋላ ዕድገቱ በመቶ ስንት ይሆናል?» ብለው ብቻ አይጠይቁን። ሲሚንቶውን ማን ይቆጣጠራል? ከተማውን ማን ይቀልባል? የእርዳታው ገንዘብ በማን እጅ ይውላል? ብለው ይጠይቁን። እነዚህ ጥያቄዎች ምድር ከመንቀጥቀጧ በፊት መልስ ያገኙ ዕለት እኛም አብረን እናጨበጭባለን።